ከዙህር እስከ አስር

ኸድሩ ከሐጅ ተመለሰ በተባለ ጊዜ ከዲላ ነጋዴ ግማሹ ሱቁን ዘግቶ ሊቀበለው ወጣ። ሐጂ ሰይድ ግን ከጨርቅ ሱቃቸው ደጃፍ፣ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ጭነት መኪናው ጭቃ ተለውሶ በፊታቸው ሲያልፍ፣ ኸድሩ ከጋቢናው ብቅ ብሎ "ሐጂ! እንኳን ደህና ቆዩኝ!" ሲላቸው፣ እጃቸውን ግማሽ ድረስ አንስተው መለሱት። ሰላምታ ነው ላለ ሰው ሰላምታ ነው፤ ዝንብ እያባረሩ ነው ላለም በሱቁ ዝንብ አልጠፋም።

"ኧረ ተነስ፣ ሰው ይታዘብሃል" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ረህማ ከውስጥ።

"ከየት መጣ ብዬ ነው የምነሳለት?"

"ከመካ ነዋ!"

"መካ!" አሉ ሐጂ ሰይድ። "ስሟን ስትጠሪያት እንዴት ቀለለችሽ።"

ኸድሩ ሲሄድ ቡናው አበባ ላይ ነበር። አሁን ፍሬው ገና የሰናፍጭ ቅንጣት አላከለም። ክረምት ላይ ቡና ሊጭን እዚህ ቅርብ ፍስሐ ገነት የወረደ መኪና እንኳ ጭቃ ሲይዘው ሚስት ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይጠያየቃል፤ ይሄ ሰውዬ ግን በአውሮፕላን ባሕር ተሻግሮ፣ አረፋ ቆሞ፣ ካዕባን ዞሮ፣ ሳይከሳ ሳይጠቁር ከች አለ። እንዲህ ያለ ሐጅ ሐጂ ሰይድ አያውቁም። እርግጥ የሚያውቁት ሐጅ አንድ ብቻ ነው፤ የራሳቸው።

ነገሩ ዝም ብሎ የሚታለፍ ቢሆን አኩርፈው ይተዉት ነበር። ግን በከተማው "ሐጂ" ተብሎ የሚጠራ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ የመስጊዱ ሽማግሌዎች መጥተው፣ በመጪው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ተነስተው ኸድሩን እንዲመርቁትና "ሐጂ" ብለው በአፋቸው እንዲጠሩት ለምነዋቸዋል። እሳቸው ካልጠሩት ማንም አይጠራውም። ኸድሩ ሁለት ጭነት መኪና ያለው፣ በከተማው የተከበረ ሰው ነው፤ ሐጂ ሰይድ ዝም ካሉ ግን በማግስቱ በየሱቁ "ሐጅ ሄድኩ ብሎ መርካቶ ተደብቆ የከረመው" መባሉ አይቀርም።

ቢጠሩትስ? ቢጠሩት ደግሞ ነስሩ አለ።

ነስሩ ታላቅ ወንድማቸው ነበር። ያኔ ዲላን በስም እንኳ አያውቋትም። ሁለቱ ወንድማማቾች ከስልጤ ገጠር፣ ከእናታቸው ደጅ፣ ዱላና ስንቅ ይዘው በእግራቸው ወደ ሰሜን ተነሱ። ሰይድ ሲወጣ ጢም አልነበረውም፤ ሲመለስ እናቱ "የማን እንግዳ ነህ?" ብላዋለች። ወሎ ላይ ስንቅ አልቆባቸው የሰው ማሳ አጨዱ። ወንዝ ሞልቶባቸው እስኪጎድል የሰው ከብት ጠበቁ። ወባው አንዱን ሲለቅ ሌላውን ያዘ። ከምጽዋ ወዲህ፣ የባሕሩ ጨው በነፋስ መሽተት ከጀመረ በኋላ፣ ግራር የበቀለበት አንድ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ሲደርሱ፣ ነስሩ "እስቲ ትንሽ ልረፍ" ብሎ ጋደም አለ። አልተነሳም። ለኢሕራም፣ ለሐጁ ልብስ ብሎ ከቤት ጀምሮ በጉያው ይዞት የመጣው ነጭ አቡጀዲ ከፈኑ፣ መገነዣው ሆነ። ሰይድ ወንድሙን ቀብሮ፣ የራሱን አቡጀዲ ታቅፎ፣ በጀልባ ለብቻው ተሻገረ።

"ሐጂ" ሲሏቸው እኩሌታው ለነስሩ እንደሚደርሰው አድርገው ነው "አቤት" የሚሉት። ለዚህች ቃል ወንድም ሰጥተውባታል። ታዲያ ሰው ተነስቶ ቡናው ሳያፈራ ደርሼ መጣሁ ካለ፣ ደግሞም እውነቱን ከሆነ፣ ነስሩ የሞተው ለምንድን ነው? ይሄን ለማንም አልተናገሩም። ለራሳቸውም ቢሆን ሙሉውን አልተናገሩትም። ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኸድሩ ውሸታም ነው። ውሸታም ቢሆን ለሁሉም ይሻላል።

ወይዘሮ ረህማ ከኸድሩ ቤት ሲመለሱ ቴምርና በትንሽ ጠርሙስ የመካውን የዘምዘም ውሃ ይዘው መጡ። ሐጂ ሰይድ ቴምሩን አገላበጡት።

"ይሄ መርካቶ ሞልቷል።"

ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱ።

"ይሄ ደግሞ የአዲስ አበባ ቧንቧ፣ የገፈርሳ ውሃ ነው።"

"አስተግፊሩላህ በል፣ አንተ ሰውዬ!"

"ኢሕራሙንስ አየሽው?"

"አየሁት። ሱራያ አውጥታ አሳየችን" አሉ ረህማ፤ ሱራያ የኸድሩ ሚስት ናት። "ገና ሳታጥበው። ነጭ ነው፣ ምን ይሆናል?"

ሐጂ ሰይድ በእጃቸው ጭናቸውን መቱ። ያን አቡጀዲ ለኸድሩ ከጥቅሉ ላይ ለክተው የቆረጡለት ራሳቸው ናቸው። የሳቸው ኢሕራም ሲመለስ አፈር መስሎ ነበር፤ እናታቸው ሦስቴ አጥባ ተስፋ ቆርጣለች። "ጨርቅ መንገድ ሲሄድ መንገዱን ይጠጣል" አሉ። "ሰው ይዋሸኝ ይሆናል። ጨርቅ ግን እኔን አይዋሸኝም።"

በማግስቱ ሽብሩ ወደ ሱቁ ብቅ አለ። ሽብሩ የሌላ ነጋዴ መኪና ሾፌር ነው፤ ቡና ወደ አዲስ አበባ ያደርሳል፣ ሸቀጥና ወሬ ጭኖ ይመለሳል።

"ሐጂ፣ እኔ እንኳ የሰው ስም ማንሳት አልወድም" ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚወድ ዲላ ያውቃል። "ግን ኸድሩ የበረርኩት ሐሙስ ነው አላለም?"

"ብሏል።"

"እናቴ ትሙት፣ ሐሙስ ጠዋት መርካቶ አይቼዋለሁ! በዚህ ዓይኔ! የነጠላ ጫማ ዋጋ ሲከራከር።"

"እርግጠኛ ነህ ሐሙስ ነው?"

"ሐሙስ ነው እንጂ! ቡናውን ያራገፍኩበት ቀን አይጠፋኝም።"

"ሰላም አላልከውም?"

"መኪናዬ መሐል መንገድ ቆማ፣ ከኋላዬ ጥሩንባውን እያንባረቁብኝ፣ በየት በኩል ወርጄ?"

ሐጂ ሰይድ ለሽብሩ ሻይ አዘዙለት። እኚህ ሰው በሱቃቸው ዕድሜ ዱቤ ሰጥተው፣ ሻይም ለወሬኛ አዘው አያውቁም። ይሄ ወሬ ግን ሻይ የሚገባው ነበር። ኸድሩ በሰው ፊት "ሐሙስ ዙህርን አዲስ አበባ ሰግጄ፣ አስርን ጅዳ ሰገድኩ" ሲል ረህማ በጆሯቸው ሰምተዋል። ጠዋት መርካቶ ጫማ የሚከራከር ሰው፣ አስርን ባሕር ማዶ! እሳቸው በቀትሩ ዙህርና በአመሻሹ አስር መካከል የሚሄዱት ከአንድ ዛፍ ጥላ እስከ ሌላው ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኸድሩስ ለማደርም አልበቃ።

ሽብሩ ሻዩን ጠጥቶ ሲሄድ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ደስ አላላቸውም። ነጋዴ ናቸውና ያልተለካ ነገር አይወዱም፤ ለመለካት ተነሱ። ከልብስ ሰፊያቸው መኪና ላይ ክር በጠሱና ወደ ትምህርት ቤቱ አቀኑ።

ደበበ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ የቡሌ አገር ልጅ፣ ሱሪውን ሁሉ ከሐጂ ሰይድ ሱቅ ጨርቅ የሚያሰፋ። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ካርታ ነበረው።

"ዲላን አሳየኝ" አሉት።

"ዲላ ካርታው ላይ የለችም ሐጂ። እዚህ አካባቢ ናት" አለና በጣቱ ነካ።

"ይሄው! ገና ከመነሻው አገራችን የለችበትም።" ሆኖም ክራቸውን አወጡ። ከደበበ ጣት እስከ አዲስ አበባ ለኩ፤ አጭር ነበረች። ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ ወጠሩ፤ የፊተኛዋ አምስት ያህል እጥፍ ሆነች። "ጎሽ! እዚች አጭሯ ላይ ኸድሩ በመኪናው ሁለት ሌሊት አድሯል። አምስት እጥፏን ግን በዙህርና በአስር መካከል ጨረስኩ ይላል። ይሄ ሒሳብ ነው?"

ደበበ ላለመሳቅ ታገለ። "መኪናው የሄደው በጭቃ ነው ሐጂ። በዚያ ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል። ሰማይ ላይ ጭቃም ጠመዝማዛም የለም። አውሮፕላን በሰዓት አራት መቶ፣ አምስት መቶ ኪሎሜትር ይሄዳል፤ እስከ ጅዳ ሦስት ሰዓት ቢፈጅበት ነው።"

"አንተ ተሳፍረህበታል?"

"እኔማ ከሩቅ ነው የማየው።"

"ታዲያ በምን አወቅህ?"

"መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።"

"የጻፈው ሰውዬ ከኸድሩ ጋር ዝምድና እንዳለው አጣራልኝ" አሉና ክራቸውን ሊሰበስቡ እጃቸውን ሰደዱ። ያኔ ነው ያዩት። የተወጠረው ክር ከአዲስ አበባ ወደ ጅዳ ሲያልፍ፣ ባሕሩ ዳር፣ አንዲት ነጥብ ላይ ተኝቶባት ነበር።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ምጽዋ ናት፣ ሐጂ።"

ክሩ ከእጃቸው ረገበ። ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱትና "በል ደህና ዋል" ብለው ወጡ። ያን ቀን ወደ ሱቃቸው አልተመለሱም።

ጁምዓ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዱላቸውን ይዘው ወደ ኸድሩ ቤት ሄዱ። ወይዘሮ ረህማ "ብቻህን ለቅቄህ አልሰድህም፣ ነገር ልትፈልግ ነው" ብለው ተከተሏቸው። ኸድሩ በር ድረስ ወጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ጉልበታቸውን አሸሹ። ተቀመጡ። ሱራያ ያቀረበችውን ሻይ አልነኩም።

"እስቲ መንገዱን ንገረኝ" አሉ።

"የቱን መንገድ፣ ሐጂ?"

"ሐጅ ሄድኩ አላልክም? ከምጽዋ ወዲህ ያለው ምድር ምን ይመስላል?"

"አላየሁትም።"

"ባሕሩስ ምን ምን ይሸታል?"

"መስኮቱ አይከፈትም፣ ሐጂ።"

"በመንገድ ማን ታመመባችሁ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልታመመ።"

"ምን ስንቅ ያዛችሁ?"

"ስንመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ ዳቦና የዶሮ ሥጋ ሰጡን።"

"የዶሮ ሥጋ!" አሉ ሐጂ ሰይድ፤ ወደ ረህማ ዞረውም "ሰማሽ?" አሏቸው። ረህማ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። "እሺ። ከላይ ሆነህ ምን አየህ?"

"ስንመለስ ጨለማ ነበር።"

"ስትሄድስ? ከዙህር እስከ አስር ጨለማ ነው?"

ኸድሩ አቀረቀረና "እውነቱን ልንገርዎት" አለ።

"ይኸውልሽ ረህማ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል! ተናገር!"

"ተኝቼ ነበር።"

ሐጂ ሰይድ ዱላቸውን ጨበጡ።

"ከዲላ ጀምሮ ሁለት ሌሊት ሙሉ ጭቃ ውስጥ መኪና ስገፋ ነበር" አለ ኸድሩ። "ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ለኢሕራሙ የሚሆን ጫማ ፍለጋ መርካቶን ስዞር አረፈድኩ። እዚያው ዙህርን ሰገድን፣ ተሳፈርን። ወንበሩ ላይ ቀበቶ እንዳሰሩልኝ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። 'ተነስ፣ ጅዳ ነን' ብለው ቀሰቀሱኝ። ወላሂ፣ ያየሁት ነገር የለም።"

መርካቶውንም ጫማውንም ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ተናገረ። ሐጂ ሰይድ ለመጨረሻ ብለው የደበቁት የሽብሩ ወሬ እጃቸው ላይ ቀረ። ውሸታም ሰው "አየሁ" ይላል፤ ደመናውን ያስውባል፣ ባሕሩን ይቀባል። ይሄኛው ተኛሁ አለ። ይሄን ሲያስቡ፣ ሃምሳ ዓመት የታፈነው ነገር ገንፍሎ ወጣ።

"ተኛህ?" አሉ። ድምፃቸው ግቢው ድረስ ተሰማ። "እዚያ ላይ ተኛህ? ነስሩ እኮ እዚያ ሥር ነው! ያን አገር ድንጋዩን በእግሬ ጣት አውቀዋለሁ! ወንድሜን በእጄ አፈር አልብሼ፣ ጉድጓዱን እያየሁ እያየሁ ነው የሄድኩት፣ አንተ በላዩ ላይ አንኮራፋህበት?"

እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ። አልጠረጉትም። ሱራያ ጓዳ ገባች። የነስሩን ስም በሰው ፊት ሲጠሩት ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

ኸድሩ ከመቀመጫው ወርዶ ምንጣፉ ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ። "ስሙን አውቀዋለሁ፣ ሐጂ። እናታችን ረህማ ከመሄዴ በፊት ነግረውኛል።"

"አንቺ?"

"አዎን፣ እኔ" አሉ ረህማ። "ቀን ሙሉ ስትነሳ ስትቀመጥ በሆድህ የምታወራውን የማልሰማ መስሎሃል? ሰው ወደዚያ ሲሄድ አደራ ይባላል። አደራ አልኩት።"

"ካዕባ ፊት ዱዓ አድርጌለታለሁ" አለ ኸድሩ። "ከዚያ አንድ አዋቂ ሼህ አግኝቼ፣ ሐጁን እኔ ላድርግለት ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አይሆንም አሉኝ፤ የአንተ ገና የመጀመሪያህ ነው። የራሱን የፈጸመ ሰው ነው ለሟች የሚያደርግለት፤ ወንድም ካለው ደግሞ ወንድሙ።"

"ይሄን አጥቼው ነው?" አሉ ሐጂ ሰይድ። አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። "ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። አውቄስ? በምን እግሬ?"

"እግር አይፈልግም እኮ" አለ ኸድሩ። "ከዙህር እስከ አስር ነው።"

ሐጂ ሰይድ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ክሩ እዚያው ነበር።

ሰሞኑን ሁሉ የፈሩት የኸድሩን ውሸት መስሏቸው ነበር። የፈሩትስ እውነቱን ነው። መንገዱ እንዲህ አጭር ከሆነ ነስሩ በከንቱ ሞተ ብለው ነበር የፈሩት። አሁን ግን ሌላ ነገር ታያቸው። መንገዱ እንዲህ አጭር ከሆነ፣ ነስሩ ከዚያ ግራር ሥር ተነስቶ የቀረችውን ሊጨርስ ይችላል፤ በታናሽ ወንድሙ እግር፣ ያውም ሳይራመዱ። ሲጠሉት የሰነበቱት ነገር እውነት እንዲሆን ተመኙ፤ በጣም ተመኙ። ተመኝተውም ወዲያው ይበልጥ ጠረጠሩት። ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ነው ከሁሉ በላይ የሚያታልለው።

"ስማ" አሉ፣ ጢማቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። "አንተን አላምንህም።"

"እሺ፣ ሐጂ።"

"መምህሩንም አላምነውም። ካርታው ላይ ዲላ የለችም።"

"እሺ።"

"ለሚመጣው ሐጅ እኔው ሄጄ አያለሁ። ውሸት ሆኖ ካገኘሁት፣ ተመልሼ መስጊዱ ደጅ ቆሜ ለከተማው ሁሉ እናገራለሁ።"

"ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ!" አሉ ረህማ፤ እየሳቁ ነበር፣ ግን ነጠላቸው ዓይናቸው ላይ ነበር።

ኸድሩ አመነታ። "የነገውስ፣ ሐጂ?"

ሐጂ ሰይድ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ኸድሩን ከላይ እስከ ታች፣ ዋጋውን እንደሚገምቱት ዕቃ አዩት። "ነገ ሐጂ ብዬ እጠራሃለሁ" አሉ። "በዱቤ ነው ግን። ስመለስ እንተሳሰባለን።"

ይሄን የሰሙት ረህማ መሳቃቸውን አቆሙ። ሐጂ ሰይድ ዱቤ ሲሰጡ አይተው አያውቁም።

በሩ ጋ ጫማቸውን እያጠለቁ ቆም አሉ። ሳይዞሩ ጠየቁ።

"ያ መስኮት ያልከው፣ አጠገቡ መቀመጥ ለምኖ ይገኛል?"

"ይገኛል። እኔው አብሬዎት ሄጄ እለምናለሁ።"

"ምጽዋ በየትኛው ወገን ነው የምትታየው? በቀኝ ነው በግራ?"

"እኔ እንጃ፣ ሐጂ። እንዳልኩዎት..."

"አዎን። ተኝተህ ነበር።"

ዱላቸውን አንስተው ወደ መንገዱ ወጡ፤ ጥቂት ተራምደውም ወደ ኋላቸው ተናገሩ።

"እኔ አልተኛም።"